የጽጌ ማኅሌትና የአዳራሽ ኮንሰርት

በከተማ አማርኛ «ክላሲካል» የሚለው ቃል ከአውሮጳ ተውሶ ከገባ ወዲህ ሁለት ፍቺ ይዞ ይኖራል። አንደኛው ፍቺ በሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ሲሆን የባኽን፥ የሞዛርትንና የቤትሆቨንን ድርሰት የመሰለውን ያመለክታል። ሁለተኛው በተራው ሰው አፍ የሚነገረው ነው፤ ይኸውም የዘፋኝ ድምፅ የሌለበትን፥ በመሣሪያ ብቻ የሚሰማውን ማናቸውንም ሙዚቃ ክላሲካል ያሰኘዋል። በመጀመሪያው ፍቺ ቢኬድ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከአውሮጳ ስላልመጣ ከስሙ ውጭ ይሆናል፤ በሁለተኛውም ቢኬድ ዋናው መሣሪያው የሰው ድምፅ ስለ ሆነ እንደገና ውጭ ይሆናል። እንግዲህ በአገሪቱ ውስጥ በመጽሐፍ የተጻፈው፥ በምልክት የተመለከተው፥ በመምህር ፊት የሚፈተነው ጥንታዊው ሙዚቃ ለኮንሰርት አዘጋጆች ስም የሌለው ሆኖ ቀርቷል። ስም ያጣ ነገር ደግሞ በአዳራሽ ሲቀርብ «ባህላዊ ትርኢት» ከሚባለው ጋር ተደባልቆ በሁለት ጭፈራዎች መካከል የጥቂት ደቂቃ ቦታ ይሰጠዋል።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላከራከረም ነበር። ነገር ግን ስሙ የአቀራረቡን ሥርዓት፥ አቀራረቡም የአድማጩን ግምት፥ የአድማጩም ግምት ዜማውን የሚጠብቁትን ትምህርት ቤቶች ዕድል ይወስናል። ስለዚህ በየዓመቱ የጽጌ ወቅት ሲቃረብ በጎንደርና በጋይንት የሚሰማው ማኅሌት ምን ዐይነት የጥበብ ሥራ እንደ ሆነ፥ ከዚያ ተቈርጦ ወደ መድረክ ሲወጣ ምን እንደሚጐድልበት፥ መድረኩም በበኩሉ ምን ሊሠራለት እንደሚችል መርምሮ መለየት ተገቢ ነው።

አንድ ሙዚቃ ክላሲካል ለመባል የሚበቃው በምንድን ነው? ዕድሜ ብቻውን አይበቃም፤ የእረኛ ዋሽንትም ዕድሜ አለው። የተወሰነ የድርሰት ክምችት፥ የተወሰነ የአዜማም ሕግ፥ ሕጉን ለትውልድ የሚያስተላልፍ ትምህርት ቤት፥ ትክክለኛውን ከስሕተቱ ለይቶ የሚፈርድ የሊቃውንት ጉባኤ ሲኖረው ነው። የያሬድ ዜማ አራቱንም አሟልቶ ይዟል። ክምችቱ ድጓ፥ ጾመ ድጓ፥ ምዕራፍ፥ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። ሕጉ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ሦስት የዜማ ስልቶች ላይ የተመሠረተ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የደረሰው ይህ ዜማ ብዙ ዘመን በቃል ከተላለፈ በኋላ፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ ማለት ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ምልክት አበጁለት።

የምልክቱን ጠባይ ማወቅ ለትችቱ መነሻ ይሆናል። ድፋት፥ ቅናት፥ ይዘት፥ ጭረት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት የድምፁን አካሄድ ያመለክታሉ። ከነዚህ ሌላ ግን በመቶ የሚቈጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ፤ እያንዳንዱም ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቀው የዜማ ሐረግ የተወሰደ የቃል ምኅጻር ነው። የአውሮጳው ኖታ ድምፁን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ከፍታውንና ርዝመቱን ለመንገር ይሞክራል፤ የድጓው ምልክት ግን ለሚያውቅ ሰው ያስታውሳል እንጂ ለማያውቅ አይነግርም። ስለዚህ መጽሐፉ ያለ መምህር ግማሽ ነው። ብራናው በቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ መምህሩ ቢጠፋ ቃሉ ይነበባል፤ ዜማው ግን አይሰማም።

መምህሩ ደግሞ ስፍራ አለው። ቤተልሔም በጋይንት የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ድጓን ጨርሻለሁ የሚል ተማሪ ከሌላ አገር ቢማርም እንኳ ምስክርነቱን ለማግኘት ወደዚያ ይሄዳል። ዙር አምባ የዝማሬና የመዋሥዕት፥ ጎንደር በዓታ የአቋቋም ጉባኤ ቤት ሆነው በሊቃውንቱ ዘንድ ይጠራሉ። በድጓው ዜማ ቤተልሔም፥ ቆማና አጫብር የሚባሉ ልዩ ልዩ የአዜማም መንገዶች አሉ፤ በአቋቋምም ላይ ቤትና ታች ቤት፥ ተክሌና ተጉለት የሚባሉት ይለያሉ። ይህ ሁሉ የስፍራና የመምህር ስም ነው። አንዱ መዝሙር በቤተልሔም ሲባልና በአጫብር ሲባል አንድ አይደለም፤ ልዩነቱንም የሚያውቀው ያንኑ የቀለም መንገድ ተከትሎ ያደገ ጆሮ ነው። አድማጭ በአውሮጳ ከተሞች አንድ ኦርኬስትራ ከሌላው በድምፁ ይለያል ቢባል የማይደነቅ ከሆነ፥ ይህም ሊደነቅ አይገባውም።

የጽጌ ወቅት እነዚህን ትምህርት ቤቶች በሥራ ላይ ለመስማት የሚመች ጊዜ ነው። ወቅቱ በየዓመቱ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ 40 ቀን ይቈያል። በዚህ ውስጥ እንደ ዓመቱ አወጣጥ አምስት ወይም ስድስት እሑዶች ይውላሉ፤ በየእሑዱም ዋዜማ፥ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ሌሊቱን፥ ማኅሌቱ ይቆማል። በማግሥቱ ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ስላሠሩ የወቅቱ ፍጻሜ ለጎንደር ሰው ልዩ ትርጕም አለው። የሚመጣው ዓመት ጽጌ በየትኛው ቀን እንደሚጀምር፥ በየሌሊቱም ምን እንደሚባል ለማወቅ ማስታወቂያ መጠበቅ አያሻም። ቀኑ በቀን መቍጠሪያው፥ ሥርዓቱ በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው። በከተማ አዳራሽ የዓመቱን የኮንሰርት መርሐ ግብር አስቀድሞ አውጥቶ መጠበቅ እንደ ታላቅ ነገር ሲቈጠር፥ እነዚህ አድባራት ለብዙ መቶ ዓመታት ሳያፈርሱት የቆዩት መርሐ ግብር መኖሩ ሊዘነጋ አይገባም።

በወቅቱ የሚዜመው ዋናው ድርሰት ለአባ ጽጌ ብርሃን የሚሰጠው ማኅሌተ ጽጌ ነው። ድርሰቱ ቤት እየመታ የሚሄድ፥ እያንዳንዱ ክፍል አምስት አምስት ስንኝ ያለው ሲሆን፥ የእመቤታችንን ክብር በአበባ ምሳሌ ያነሣል፤ ወቅቱም ወደ ግብጽ የተሰደደችበትን ያስታውሳል። ከእርሱ ጋር ሰቆቃወ ድንግል ይተባበራል። በየክፍሉ መጨረሻ ደግሞ ከድጓ የተውጣጣ ዚቅ ይከተላል። ይህ አሠራር በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። የኋለኛው ዘመን ባለቅኔ አንድ ምሳሌ ያነሣል፤ ጥንታዊው ድጓ በዚያው ነገር ይመልስለታል። ዚቁን ከክፍሉ ጋር ያዛመደው ሊቅ ስሙን ባይተውም የሠራው ሥራ የድርሰት ሥራ ነው፤ ሁለት ዘመን ፊት ለፊት አቁሞ አነጋግሯልና።

አቋቋሙም እንዲሁ የራሱ ቅርጽ አለው። መዘምራኑ በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ በቀኝና በግራ ተከፍለው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ይመራል፥ ሌላው ይቀበላል። ቃሉ መጀመሪያ በቁም ዜማ፥ ማለት ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል፥ በድምፅ ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ከዜማው ጋር ዘንበል ቀና ማለት ይጀምራል። ከዚያ በመረግድ ጸናጽሉና ከበሮው ይገባሉ፤ እርምጃው ግን ገና የተመጠነ ነው። በጽፋት ጊዜ ከበሮው ይፈጥናል፥ ጭብጨባውም ይከተላል። ወረቡም ሲደርስ ሌሊቱን ሁሉ ሲገታ የቆየው ደስታ ይፈታል። አንድ ቃል ከጸጥታ ተነሥቶ በየደረጃው እየጨመረ ወደ ሙላቱ ይወጣል ማለት ነው። የቅርጹ ብርታት ከፍጻሜው ይልቅ በአወጣጡ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቁም ዜማ ያልታገሠ አድማጭ የመጨረሻው ከበሮ ከየት እንደ መጣ አያውቅም።

በዚህ ላይ ቅኔው አለ። በማኅሌቱ መካከል ባለቅኔው ለዚያው ቀን ያዘጋጀውን አዲስ ቅኔ ያቀርባል፤ መዘምራኑም በዜማው ይቀበሉታል። ቅኔ የተነገረበትን ቀን አልፎ እንዲደገም በሕጉ አይወደድም። እንግዲህ ጥንታዊ ከሚባለው ሥርዓት መካከል በየበዓሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ አዲስ ድርሰት ይገኛል። ይህን ማኅሌት «የማይለወጥ ቅርስ» ብለው የሚያመሰግኑት ሰዎች ምስጋናቸው ግማሽ ነው፤ ሥርዓቱ የተጠበቀውን ያህል ይፈጥራልና።

አሁን ይኸው ማኅሌት ወደ አዳራሽ ሲገባ የሚሆነውን መመልከት ያስፈልጋል። በመድረክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ጕድለት ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ጕድለት የአቋም ነው። መዘምራኑ ለተመልካቹ እንዲታዩ በአንድ ረድፍ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ ወንበሩ ይመልሳሉ። በቀኝና በግራ መካከል የነበረው ምልልስ ያን ጊዜ ይቋረጣል፤ መሪውን የሚቀበለው ሲጠፋ ዜማው ንግግር መሆኑ ቀርቶ ማሳያ ይሆናል። የሁለት ወገን መዝሙር የተሠራው እርስ በርስ ለመደማመጥ ነው፤ ሕዝቡም ከጎን ቆሞ ያንን መደማመጥ ይሰማል። አዳራሹ ሕዝቡን በመካከል ሲያስገባ ቅርጹን ያፈርሳል።

ሁለተኛው የጊዜ ነው። አዘጋጁ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ስለ ሆነ የሚመረጠው ዘወትር ጽፋቱና ወረቡ ነው፤ ከበሮው የሚፈጥንበት፥ ጭብጨባው የሚበረታበት ክፍል ነውና። ተመልካቹ ይደሰታል፤ ደስታውም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሰማው ደረጃ የሌለው ሰገነት ነው። አንድ የቤትሆቨን ሲምፎኒ ከመጨረሻው ክፍል መዝጊያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተቈርጦ ቢቀርብ በአዳራሹ ያለ ማንም የሙዚቃ ሰው ይቈጣል። ለማኅሌት ግን የሚቈጣለት ያጣው ቀደም ሲል እንደ ተባለው ስም ስላልተሰጠው ነው።

ሦስተኛው የወቅት ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ ጾመ ድጓው በድምፅና በመቋሚያ ብቻ ይባላል። የከበሮው ዝምታ እንደ ከበሮው ድምፅ ሁሉ የዜማው ክፍል ነው፤ የትንሣኤው ከበሮ ኀይሉን የሚያገኘው ከዚያ ዝምታ ነው። መድረኩ ግን ወቅት አያውቅም። የጽጌውን በሐምሌ፥ የትንሣኤውን በኅዳር ያሰማል፤ በታተመው ወረቀት ላይም «የቤተ ክርስቲያን መዝሙር» ከማለት በቀር ቀኑን፥ ስልቱን፥ የመምህሩን ቤት አይጠቅስም።

ይህ ዜማን ከስፍራው ነቅሎ የመውሰድ ልማድ በአዘጋጆች የተጀመረ አይደለም፤ የተማሩ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ከናፖሌዎን የግብጽ ዘመቻ ጋር በ1798 እ.ኤ.አ. ወደ ካይሮ የመጣው ፈረንሳዊው ቪዮቶ እዚያ ካገኛቸው የኢትዮጵያ ካህናት ዜማ ሰምቶ በአውሮጳ ኖታ ጻፈ። ሥራው ለጊዜው ትልቅ ነበር፤ ሆኖም ዜማውን የሰማው ያለ በዓሉ፥ ያለ ማኅበሩ፥ ያለ ቅኔ ማኅሌቱ ነው። አዶልፍ ግሮማን በ1919 እ.ኤ.አ. የማኅሌተ ጽጌን የግዕዝ ቃል ከጀርመንኛ ትርጕም ጋር አሳተመ፤ ቃሉ ለዓለም ተገለጠ፥ ድምፁ ግን በአገሩ ቀረ። በርናር ቬላ በ1966 እ.ኤ.አ. ምዕራፍን ሲያሳትም የአገልግሎቱን ሥርዓትና ምልክቱን ጭምር መመርመሩ አንድ እርምጃ ነበር። ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ በሦስት ቅጽ ያወጡት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ መድበል ደግሞ ብራናውን፥ ኖታውንና የተቀዳውን ድምፅ አንድ ላይ አቀረበ። ከቪዮቶ እስከዚህ የደረሰው መንገድ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የወሰደው ዜማው ከሊቁ አፍ ተለይቶ ሊጠና እንደማይችል ለመረዳት ነው። የኮንሰርት አዘጋጆች ያንኑ ትምህርት እንደገና ሁለት መቶ ዓመት ሊጠብቁት አይገባም።

በዚህ ስፍራ የተቃራኒውን ወገን ክርክር በቅንነት መስማት ያስፈልጋል። መድረክና ሸክላ ባይኖሩ በከተማ ያደገው ትውልድ ብዙውን የአገሩን ሙዚቃ ሳይሰማው ይቀር ነበር ይባላል። ክርክሩ እውነት አለው፤ ለዚህም በገና ጥሩ ምስክር ነው። በገና ዐሥር አውታር ያለው፥ ድምፁ ለስላሳ፥ ይልቁንም በጾም ወራት በቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚደረድሩት መሣሪያ ነው። አውታሩ በሚያርፍበት ብርኩማ ላይ የሚገባው የቆዳ ቁራጭ ያንን እንደ ንብ የሚያስተጋባ ድምፅ ይሰጠዋል፤ ያም ድምፅ ከቅርብ ካልሆነ በደንብ አይሰማም። ሆኖም ዓለሙ አጋ በትምህርት ቤት ካስተማሩት፥ በውጭ አገርም በመድረክ ካሰሙት፥ «ኢትዮፒክ» በሚባለው ተከታታይ የሸክላ ስብስብ 11ኛ ቅጽ ከወጣ ወዲህ በገና ቀድሞ ባልደረሰበት ደርሷል፤ ትክክለኛ የድምፅ ማጉያ፥ ጸጥ ያለ ትንሽ አዳራሽና የሚታገሥ አድማጭ ሲያገኝም ብዙ አልጐደለበትም። እንግዲህ ጥፋቱ የመድረክ መኖር አይደለም። በገና የአንድ ሰው ጸሎት ስለ ሆነ አንድ ሰው ይዞት ይሄዳል፤ ማኅሌት ግን የማኅበር ሥራ ነውና ማኅበሩ ካልተከተለው ይጐድላል። መድረክ ለሁለቱ አንድ ዐይነት ልብስ ሲያለብስ ነው የሚሳሳተው።

ሌላው መንገድ ዜማውን እንዳለ ከማቅረብ ይልቅ ከእርሱ አዲስ ድርሰት ማውጣት ነው። የያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ የአውሮጳን የኦርኬስትራ ትምህርት ከአገር ዜማ ጋር ለማስማማት ጥረዋል፤ «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለው ሥራቸው በስሙ ሳይቀር ምኞታቸውን ይነግራል። በኋላ ዘመን ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ እንደ አምባሰል ያሉትን ቅኝቶች ለፒያኖ አዘጋጅተዋል። አምባሰልና ባቲ የወሎ ስፍራዎች ስም መሆናቸውን ለሚያስብ፥ በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር በፒያኖ የሚሰማው ቅኝት የአንድ ተራራና የአንድ ገበያ ስም ይዞ ይዞራል። የዚህ ዐይነቱ ሥራ የሚመዘነው በራሱ ነው፤ ማኅሌት ነኝ ስለማይል ማኅሌትን አያጐድልም።

ከዚህ ወገን ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. የተወለዱት እማሆይ በልጅነታቸው በስዊስ አገር፥ በኋላም በካይሮ የአውሮጳን ሙዚቃ ተምረዋል፤ ከዚያ መንኵሰው በግሸን ማርያም ኖረዋል። የፒያኖ ድርሰቶቻቸው ሲሰሙ ግራ እጅ ዝግ ብሎ ይሄዳል፤ ቀኝ እጅ ግን ልክ ለተሰጠው ምት ሳይሆን ለትንፋሽ እንደሚታዘዝ ሰው ድምፅ ይዘገያል፥ ይፈጥናል፥ በአንድ ድምፅ ዙሪያም ርክርክ በሚመስል ጌጥ ይሽከረከራል። አድማጩ ሾፐን ነው ሲል ዜማ ይሆንበታል፤ ዜማ ነው ሲል ሾፐን ይመለሳል። እማሆይ ሁለቱን አላደባለቁም፤ ሁለቱን በአንድ ጆሮ የሰማ ሰው የሚጽፈውን ጻፉ እንጂ።

ለዚህ ትችት ግን ከድርሰቱ ይልቅ የድርሰቱ ታሪክ ይበልጥ ይጠቅማል። እማሆይ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎንደር ሆነው የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚመላለሱበት መንገድ ከሩቅ አገር ድጓ ለመማር የመጡ ልጆች መጠለያ አጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው ቈረጡ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያው ሸክላቸውም ከዚሁ የርዳታ ዐሳብ ጋር የተያያዘ ነበር። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢየሩሳሌም በገዳም ኖረው፥ በ2013 እ.ኤ.አ. የድርሰቶቻቸው ኖታ ታትሞ፥ በዚያው ከተማም በኮንሰርት ሲቀርብ አይተው፥ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ዐረፉ። በጎንደር ደጅ ዜማውን ተማሩ፤ ከፒያኖውም የሚገኘውን ወደዚያ ደጅ ለመመለስ ዐሰቡ። የሙዚቃ ሊቃውንት ስለ እማሆይ የፒያኖ አመታት ብዙ ጽፈዋል፤ የዚህ መመለስ ትርጕም ግን ገና በቂ ትኩረት አላገኘም።

ትርጕሙ ይህ ነው። የማኅሌቱ ጥበብ ሳይከፈልበት የሚኖር ይመስላል እንጂ የሚከፍልለት ሕዝብ አለው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ ሲዞር ገበሬው ከጓዳው ቁራሽ ይሰጠዋል። ተማሪው በዚያ ቁራሽ ብዙ ዓመት ይማራል፤ ድጓውን በገዛ እጁ ገልብጦ ይጽፋል፤ ከመምህር ወደ መምህር በእግሩ ይሄዳል። በአውሮጳ ከተማ የኮንሰርት ቲኬት የሚገዛ ሰው ለአንድ ምሽት ይከፍላል፤ የጋይንት ገበሬ ግን ለትምህርቱ ዘመን ሁሉ ከፍሏል፤ በበዓሉም ሌሊት ማኅሌቱን የሚሰማው በገዛ እህሉ ያደገውን ድምፅ ነው። አውራጃው የሥነ ጥበብ ማኅበር አለው ቢባል ማኅበሩ ይኸው ነው፤ መምህሩ፥ ተማሪውና ቁራሽ የምትሰጠው እናት።

ይህ ማኅበር ዛሬ በብዙ በኩል ተጨንቋል። ልጆች ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤትና ወደ ከተማ ይሳባሉ፤ ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። የእህል ዋጋ ሲወደድ ቁራሹ ያንሳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ ትምህርቱን በጕዞ ለሚፈጽም ተማሪ ምን ያህል ክፉ እንደ ሆነ ለመገመት አያዳግትም፤ ከጉባኤ ቤት ወደ ጉባኤ ቤት የሚያደርሰው መንገድ የትምህርቱ ክፍል ነውና። በዚሁ ጊዜ የማኅሌቱ ምስልና ድምፅ በየስልኩ ላይ ከቀድሞው ይልቅ በዝቶ ይገኛል። ድምፁ እየበዛ ምንጩ እየቀጠነ ሲሄድ፥ የበዛው ድምፅ የምንጩን ድካም ይሸፍናል፤ ሁሉ የሰማው ነገር ሊጠፋ ይችላል ብሎ የሚሠጋ የለምና።

እንግዲህ ዜማን ወደ አዳራሽ የሚያመጣ ኮንሰርት ሊመዘን የሚገባው በሚያሰማው ብቻ ሳይሆን ለሰማበት ስፍራ በሚመልሰውም ነው። ይህ ሚዛን ከተወሰደ ከአዘጋጁ የሚፈለገው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያ፥ የሚታተመው ወረቀት የዜማውን ስልት፥ የሚባልበትን ቀንና የመምህሩን ቤት ይጥቀስ፤ ለቤትሆቨን ድርሰት ቍጥርና ቃና ተጽፎ ለድጓው «ቤተልሔም» ወይም «አጫብር» ብሎ መጻፍ አይከብድም። ሁለተኛ፥ የአምስት መዝሙር ጽፋት ከማሰለፍ አንድ መዝሙር ከቁም ዜማው እስከ ወረቡ ሳይቈረጥ ይቅረብ፤ መዘምራኑም ፊት ለፊት ይቁሙ፥ ሕዝቡ በጎንና በጎን ይቀመጥ። ሦስተኛ፥ የጾም ወቅት ከበሮ አልባ ይሁን፤ ስለ ዝምታውም ምክንያቱ ይነገር። አራተኛ፥ ከገቢው የታወቀ ድርሻ ዜማው ለተወሰደበት ጉባኤ ቤት ይላክ፤ መላኩም እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ዕዳ ይቈጠር።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ትምህርት ቤት፥ ከስሙ የተነሣ፥ በዚህ ነገር ልዩ ኀላፊነት አለበት። ፒያኖና ቫዮሊን የሚያጠና ተማሪ የጽጌን አንድ ሌሊት በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ቢያድር፥ ስለ ቅርጽ፥ ስለ ምልልስና ስለ ዝምታ የሚማረው ከመጽሐፍ አይገኝም። የሕዝብን ሥርዓትና ልማድ ለሚያጠኑም ተማሪዎች እንደዚሁ ነው፤ እስካሁን ብዙ የተጻፈው ስለ ዜማው ቃልና ምልክት ሲሆን፥ የተማሪውን ቁራሽ ማን እንደሚሰጥ፥ በአንድ ደብር ያሉ መዘምራን እንዴት እንደሚተካኩ፥ አንድ የአዜማም መንገድ በምን ምክንያት እንደሚደክም መዝግቦ የሚጽፍ ያስፈልጋል። ይህ ጥናት የሚሠራው መምህራኑ በሕይወት ሳሉ ነው።

የሚመጣው ጽጌ በቀኑ ይገባል፤ ማኅሌቱም በየአድባራቱ ይቆማል። አዳራሹም በበኩሉ መርሐ ግብሩን ያወጣል። ሁለቱ ተፎካካሪ መሆን የለባቸውም፤ ነገር ግን አንደኛው ያለ ሁለተኛው መኖር ሲችል ሁለተኛው ያለ አንደኛው የሚያሰማው እንደሌለው ሊታወቅ ይገባል። ከአዳራሹ ወጥቶ ያ ዜማ የተማረበት ጎጆ የት እንደ ሆነ የሚጠይቅ አንድ አድማጭ ቢገኝ፥ ኮንሰርቱ ሥራውን ሠርቷል።